በደርቤ የሺዋስ ስም የተጫነው ፋይል

የምስክር ቃል መቀበያ

ጉዳዩ፦ የደርቤ የሺዋስ አሟሟት
የምስክሯ ስም፦ ወ/ሪት አልጣሽ ያርጋል
ዕድሜ፦ 26
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ደባርቅ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን እንግዳው ጥበብ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ሟች ደርቤ የሺዋስንም ተጠርጣሪውን ሀብተ ሚካኤል አለነንም አውቃቸዋለሁ። ከሟች ጋር መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሱቅ አብረን እንሠራ ነበር። ተጠርጣሪው ዳባት ከተማ ጌም ቤት ያለው፣ ሠርግና ክርስትናም በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ነው። ከሁለቱም ጋር ዝምድናም ሆነ ጠብ የለኝም። ስለሆነው ነገር የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ደርቤ በኮምፒውተር ጌም ላይ የራሱን ሥራ ይጨምር ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ ሳስረዳ፣ ጌሙ በውጭ አገር የተሠራ የጭነት መኪና መንዳት ጨዋታ ሲሆን መንገዱም ሰዉም የእነሱ አገር ነው። በዚያ ላይ የራስን መንገድና መኪና ማስገባት ይቻላል። ወጣቶቹ ይህን ሞድ ይሉታል። ደርቤ የሠራው የሊማሊሞን መንገድ ነው። መንገዱ በአስፋልት ሥራ ሳይቀየር በፊት ቁልቁለቱን በእግሩ እየወረደ መጠምዘዣዎቹን ሁሉ ፎቶ አንስቷል፤ ከሾፌሮች ጋር እየተሳፈረም የፍሬንና የጥሩምባ ድምፅ ቀድቷል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ከገደሉ አፋፍ፣ ከብት የሚነዱ ሰዎችን ከመንገዱ ዳር አስገብቶበታል። ዓመታት ፈጅቶበታል። ሥራው ሲያልቅ እውነተኛ ሾፌሮች ሱቃችን ድረስ መጥተው ይነዱት ነበር። አንዱ መጠምዘዣው ላይ ሲደርስ ፍሬን የያዘ መስሎት ወለሉን በእግሩ ሲረግጥ አይተን ስቀናል።

ይህን ሥራ ያስቀመጠው «ጎዳና» በሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው። ድረ ገጹን የከፈተው ጎንደር ይማር የነበረ አንድ ወጣት ሲሆን፣ ከየከተማው ያሉ ልጆች የሠሩትን ሞድ እዚያ ያስቀምጡ ነበር፤ ሌላው ደግሞ በነፃ ያወርዳል። እኔና ደርቤ ሰው የሚልከውን ፋይል ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት እየከፈትን እንመረምር ነበር። ቫይረስ ያለበትን እንጥላለን፣ የሌላ ሰው ሥራ በራሱ ስም የላከውን እንመልሳለን። ክፍያ የለንም፤ ደስ ብሎን የምንሠራው ነበር።

ሐምሌ 2006 ዓ.ም. ላይ መሥራቹ ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል ድረ ገጹን ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሸጠው። የድርጅቱን ስም ለመርማሪው ለብቻ ገልጫለሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር፤ ደርቤም «አሁን ሥራችን ሰፊ ቦታ ደረሰ» ብሎኛል። ወዲያው ግን ድርጅቱ ገጹን በማስታወቂያ ሞላው። የእኛን የመርማሪነት ይለፍ ቃል ዘጋው። ማንም ሰው የፈለገውን ፋይል፣ በፈለገው ስም፣ ያለ ምርመራ እንዲጭን ተፈቀደ። ደርቤ በራሱ ስም መግባት አቃተው፤ የሠራውን ሊያርመው ቀርቶ ሊያጠፋው እንኳ አይችልም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ «የሊማሊሞ መንገድ፣ አዲስ እትም» የሚል ፋይል በደርቤ ስም ወጣ። ማን እንደጫነው እስከ ዛሬ አናውቅም። ፋይሉን የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል። ደርቤ ለድርጅቱ ስልክ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ያነሳችው ሴት «ወንድሜ፣ እኛ ማስታወቂያ ክፍል ነን» አለችው። «እሺ የሚመለከተውን ክፍል አገናኚኝ» ሲላት «እሱን እኔም አላውቀውም» አለችና ዘጋች።

ጥር ውስጥ ራሱ አዲስ አበባ ሄደ። ተመልሶ እንደነገረኝ፣ ከድርጅቱ በር ላይ ብዙ ካስጠበቁት በኋላ አንድ ወጣት ሠራተኛ ወርዶ አነጋገረው። ልጁም «ጎዳናን ይሠሩ የነበሩት ሁለቱም ልጆች ለቀዋል። ከእነሱ ሌላ ከውስጥ መክፈት የሚችል ሰው የለንም። አለቆቻችን ደግሞ ማስታወቂያው እስከገባ ድረስ ግድ የላቸውም» ብሎታል። ደርቤ ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። «አልጣሽ፣ ቤቱን ገዝተው ቁልፉን ጣሉት» ብቻ ነው ያለኝ።

ከዚያ በኋላ በደባርቅ ጌም ቤቶች እየዞረ ፋይሉን እንዳይከፍቱ ይለምን ጀመር። አንዳንዱ ሰምቶታል። ሌላው አላመነውም፤ ስሙ በጉልህ ተጽፎ ያያል። መንገድ ላይ «ቫይረሱ መጣ» የሚሉት ነበሩ። እናቱ ወ/ሮ በለጠች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ልጅዎ የሰው ንብረት ያጠፋል አሉ» ተብለው እያለቀሱ ሱቃችን መጥተዋል። እሱም እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር፤ ነገሩ ግን አልገባቸውም።

ተጠርጣሪው ሀብተ ሚካኤል የደርቤ ወዳጅ ነበር። የሊማሊሞውን ሥራ ከሁሉ በፊት የሞከረው እሱ ነው። ባለቤቱ ገበያነሽ በወሊድ ሞታበት ሴት ልጃቸውን ለብቻው ነው የሚያሳድገው። ሟቿ ስትስቅ፣ ስትዘፍን፣ ለምትወለደው ልጅ ስታወራ የቀረጻት ቪዲዮ ጌም ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ደርቤ አዲስ አበባ ሳለ ሀብተ ሚካኤል ያንን «አዲስ እትም» የተባለ ፋይል አወረደ። «የደርቤ ነው ብዬ ነው የከፈትኩት» ብሎ በኋላ ሲናገር ሰምቻለሁ። ቪዲዮው ሁሉ ጠፋ።

ቅዳሜ የካቲት 14 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ሀብተ ሚካኤል ሱቃችን በር ላይ መጣ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ብዙ ነበር። በእጁ ዱላም ድንጋይም አልያዘም። ደርቤ ሲያየው ሰላም ሊለው ወጣ።

ሀብተ ሚካኤል «የገበያነሽን ድምፅ አጠፋህብኝ» አለው።

ደርቤ «ሀብቴ፣ እኔ አይደለሁም። ስሜን ወስደውብኝ ነው» አለው።

«ስም እንደ በግ ይሰረቃል እንዴ? ልጄ እናቷን በምን ታውቃት?»

ደርቤም ወደ ውስጥ ሊያስገባው ክንዱን ያዘው። ሀብተ ሚካኤል እያለቀሰ «ልቀቀኝ!» ብሎ ገፈተረው። ደርቤ ወደ ኋላ ወድቆ ጭንቅላቱ ከሱቁ ፊት ያለውን የውኃ ቦይ የድንጋይ ጠርዝ መታው። ገበያተኛው ሀብተ ሚካኤልን ሊይዘው ሲል ደርቤ ራሱ ተነሥቶ «ተዉት፣ ወንድሜ ነው። እኔ ደህና ነኝ» አለ። ደም አልነበረውም። አቧራውን ያራገፈለት ሀብተ ሚካኤል ነው።

ሦስታችንም ገባን። ደርቤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በራሱ ስም ወደ ድረ ገጹ ለመግባት ሞከረ። «በዚህ ስም እንዲገቡ አልተፈቀደልዎትም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው መጣ። ሀብተ ሚካኤል ጽሑፉን አንብቦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ደርቤ ትከሻውን ይዞ «ኮምፒውተሩን አምጣው። ጎንደር የጠፋ ፋይል የሚመልስ ልጅ አለ፤ አብረን እንሄዳለን» ይለው ነበር። ይህን እየተናገረ ቃሉ ይጎተት ጀመር። «ራሴን አመመኝ» አለ፤ አስመለሰው።

ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ አይተው ቶሎ ጎንደር እንዲደርስ አዘዙ። መኪና ውስጥ ራሱን ጭኑ ላይ ይዞ የሄደው ሀብተ ሚካኤል ነው። ዳባት ስናልፍ ሾፌሩ «ቤትህ እዚህ አይደለም? ትወርዳለህ?» ቢለው የደርቤን ራስ አጥብቆ ያዘ። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ የደርቤ ትንፋሽ ቆመ። እጁን ይዤ ስለነበር አውቄያለሁ። ሀብተ ሚካኤልም ያወቀ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሾፌሩን «ወንድሜ፣ እባክህ ፍጠንልን» እያለ መለመኑን እስከ ጎንደር አልተወም። አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ ማንም ሳይይዘው በራሱ እግር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዷል።

ሊገድለው አስቦ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የሰውን ልብ ባላውቅም ያየሁት መገፍተር እንደሆነና ሲገፈትረውም ያለቅስ እንደነበር መልሻለሁ።

የምትጨምሪው አለሽ ወይ ለተባልኩት፣ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ድረ ገጹን ከፍቼ አይቻለሁ። ፋይሉ አለ። የደርቤ ስምም አለ። ከሥሩ ሰዎች ይሰድቡታል። አንዱ በቀብሩ ማግስት «ደርቤ፣ የት ተደብቀህ ነው መልስ የማትሰጠው?» ብሎ ጽፎለታል። እኔ መልስ ልጽፍ ሞክሬ፣ የእኔም ስም ስለተዘጋ አላስገባኝም። ወ/ሮ በለጠች ለቅሶ ላይ እጄን ይዘው «ያን ነገር አውርዱለት» ብለውኛል፤ እኔ ግን የምችልበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ ፖሊስ በሕግ አግባብ ለድርጅቱ ጽፎ የሟቹን ስም ከዚያ ላይ እንዲያነሳለት እለምናለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ ያልሆነ አልጨመርኩም፤ እውነት ስለመሆኑም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አልጣሽ ያርጋል
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ም/ሳጅን እንግዳው ጥበብ