የአቶ ኤልበርት ቶሊቨር ዘጠኝ ቀናት

የተወደዳችሁ ቤተ ዘመዶች፣ የማርሎ ከተማ ነዋሪዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ይህን የጸሎት ቤት የሞላችሁ ወዳጆች፤ በውኃ ክፍል አለቃነታቸው፣ በአሠልጣኝነታቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞም በቅርጫት ኳስ ተጫዋችነታቸው የምታውቋቸውን የአቶ ኤልበርት ቶሊቨርን ዜና ሕይወት እንዲያነብ ቤተሰቡ ለባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ለሉተር ግሪሻም አደራ ሰጥቷል። አቶ ኤልበርት ረጅም ንግግር ስለማይወዱ ለማሳጠር ተሞክሯል፤ መሳካቱን እናንተ ትፈርዳላችሁ።

አቶ ኤልበርት ከአባታቸው ከአቶ ዌንደል ቶሊቨርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢውላ ፔቲስ፣ በአርካንሶ ግዛት፣ በሄለና ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1955 ተወለዱ። አባታቸው የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነበሩ። በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ቁመታቸው የቤቱን በር ስላለፈ ጎንበስ ብለው መግባት ጀመሩ፤ እናታቸውም “የኔ ልጅ ትሕትናን የተማረው ከበሩ ነው፤ እኔማ ስንት ዓመት ለፍቼ አቅቶኛል” እያሉ ለጎረቤት ይናገሩ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ከፈጸሙ በኋላ፣ በኳስ ችሎታቸው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው እዚያው ግዛት ወደሚገኝ ኮሌጅ ገቡ፤ በ1977ም በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመረቁ። በዚያው ዓመት የትልቁ ሊግ ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ አንዱ ክለብ በሰባተኛው ዙር መረጣቸው። በሰባተኛ ዙር መመረጥ ሠርግ ተጠርቶ ከዳሱ ውጭ እንደ መቀመጥ ነው። ሦስት ሳምንት ተሞክረው ስማቸው ከዝርዝሩ ወጣ፤ እርሳቸውም ተስፋ ሳይቆርጡ ወደ ታችኛው ሊግ ወረዱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሁለት ከተሞች ተጫውተው ሁለቱም ክለቦች ስለተዘጉባቸው፣ በ1979 ወደ ማርሎ መጥተው “ቀዛፊዎቹ” በሚባለው ክለባችን ተቀጠሩ። የዚያ ሊግ ኑሮ ዐሥራ አራት ሰዓት በጠባብ መኪና መጓዝ፣ ሁለት ረጃጅም ሰዎች ለአንድ ረጅም ሰው እንኳ በማይበቃ አልጋ መተኛት፣ ከሁሉ በላይ ግን ስልክ መጠበቅ ነበር። ትልቁ ሊግ ሰው ሲታመምበት ከታች አንዱን ለዐሥር ቀን በውል ይወስዳልና፣ ተጫዋቹ ሁሉ ሲበላም ሲተኛም ጆሮው ስልክ ላይ ነበር።

በዚያ ሊግ ደንብ ጨዋታውን ለሚያሸንፍ ሦስት ነጥብ ሲሰጥ፣ ከአራቱ ሩብ ክፍለ ጊዜያት እያንዳንዱን ለሚያሸንፍም አንዳንድ ነጥብ ይያዝለት ስለነበር፣ በሃያ ምናምን የተመራ ቡድን እንኳ የመጨረሻዋን ሩብ ላለማጣት ይሟሟት ነበር። አሠልጣኙ አቶ ሃርላን ቡዝም ነገር በተበላሸ ቁጥር ወደ አቶ ኤልበርት ዞር ብለው “ቶሊቨር፣ ጨዋታው ሞቷል፤ ሩቡን እንኳ አትርፍልኝ” ይሏቸው ነበር። እርሳቸው ገብተው የተጋጣሚውን ዋና አግቢ እንደ መዥገር ይጣበቁበታል፤ ራሳቸው ብዙ ባያገቡም እርሱም አያገባም። በዚህ ምክንያት ጓደኞቻቸው “ቀባሪው” የሚል ስም አውጥተውላቸው፣ “ቀባሪው፣ ተነሣ እንጂ፤ ሬሳው ሳይሸት” እያሉ ከወንበር ያስነሧቸው ነበር። ስሙ ለዛሬው ቀን የሚመች አይደለም፤ ግን ይወዱት ነበርና ሳይነሣ አይታለፍም።

በ1980 የሁለተኛ ክፍል መምህርት የነበሩትን ወይዘሮ ጀነቫ ግሪሻምን በዚሁ ጸሎት ቤት አገቡ፤ በ1983ም የበኩር ልጃቸውን ዳፍኔን ወለዱ። ትዳሩ የፍቅር ነበር፤ ይሁን እንጂ በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበረ፤ እርሱም ስልኩ ነው። ወይዘሮ ጀነቫ ስልክ በጮኸ ቁጥር ባላቸው ከወንበር ተፈናጥረው ሲነሡ፣ ደዋዩ ጎረቤት መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ፈገግ ለማለት ሲታገሉ ማየት መረራቸው። አንድ ቀን “ሠላሳ ዓመት ሲሞላህ ይብቃህ፤ እኔም ልጄም እዚሁ ነን” ቢሏቸው፣ “የሞላኝ ዕለት” ብለው ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ በ1985 የልደታቸው ዕለት፣ ውድድሩ ገና ሳያልቅ፣ ቡድኑን ተሰናብተው በሚቀጥለው ሰኞ በከተማው ውኃ ክፍል ሥራ ጀመሩ።

ቀጥሎ ያለውን ወይዘሮ ጀነቫ ራሳቸው “ይነበብ፤ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ” ብለው ስላዘዙ ይነበባል።

ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የትልቁ ሊግ ክለብ ሰው ነበር። በጥር ወር አቶ ኤልበርት በሃያ ሁለት ነጥብ በተመራ ቡድን ውስጥ ገብተው የተጋጣሚውን አግቢ ሲያደርቁት አይቶ ስማቸውን ይዞ ኖሯል። አራት ተጫዋቾች ስለታመሙባቸው የዐሥር ቀን ውል መዘጋጀቱን፣ ውሉም ከዚያው ዕለት ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ አውሮፕላኑ በስምንት ሰዓት እንደሚነሣና የዚያን ምሽት ብዙ እንደሚያጫውቷቸው ነገራቸው። ወይዘሮ ጀነቫ ሁለተኛ ልጃቸውን ሊወልዱ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ባላቸው ቧንቧ የፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ቦታው ከቤት በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። “እነግረዋለሁ” ብለው ስልኩን ዘጉና ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት እስኪያልፍ ከዚያ ወንበር አልተነሡም።

ማታ አቶ ኤልበርት ጭቃቸውን ታጥበው እራት ከበሉ በኋላ፣ ወይዘሮ ጀነቫ ሰዓቱን ሳይናገሩ “ደውለው ነበር፤ ይፈልጉሃል። ሂድ” አሏቸው። በማግሥቱ ሄዱ። ያ የተዘጋጀላቸው ጨዋታ ግን አልፎ ነበር፤ ከታመሙትም ሁለቱ ተመልሰው ነበር። አቶ ኤልበርት ወንበር ሲያሞቁ ሰንብተው በስምንተኛው ቀን ለአራት ደቂቃ ገቡ፤ ሁለት ቅጣት ምት አግኝተው አንዷን ስተው አንዷን አስቆጠሩ። በትልቁ ሊግ መዝገብ ከስማቸው ፊት ያለው ይኸው ነው፤ አንድ ጨዋታ፣ አራት ደቂቃ፣ አንድ ነጥብ። ውሉ ሲያበቃ ተመልሰው ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። ስለሳቷት ምት ሲጠየቁ “እሷን ለሌላ ጊዜ አስቀምጫት ነው” ይሉ ነበር። ዐሥሩ ቀን ለምን ዘጠኝ እንደሆነ ሲጠየቁም “አንዱን በረዶ በላው” ብለው ይስቁ ነበር፤ ያኔ ወይዘሮ ጀነቫ አንድ ነገር የረሱ መስለው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር።

በዚያው ዓመት ልጃቸው ዌንደል ተወለደ። አቶ ኤልበርት በውኃ ክፍል ለሠላሳ አንድ ዓመታት አገልግለው በአለቃነት ጡረታ ወጡ፤ ጉድጓድ ውስጥ ቢገቡም ራሳቸው ከላይ ይታይ ስለነበር አለቃውን ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። ከሥራ መልስ ደግሞ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን የሴቶች ቡድን አሠለጠኑ። ዛሬ እናቶች ሆነው እዚህ የተቀመጡት ተማሪዎቻቸው እንደሚመሰክሩት፣ ቡድኑ ክፉኛ ሲመራ “ልጆች፣ አሁን ነው የሚጣፍጠው” ብለው እጃቸውን ያፋትጉ ነበር። ደስተኛ ሰው ነበሩ፤ ይህን ያልነው ለቀብር ወግ ብለን አይደለም።

ባለፉት ሦስት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ወር ሕመሙ ሲጸናባቸው ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ ወይዘሮ ጀነቫ ሠላሳ ስድስት ዓመት የያዙትን አወጡት።

“ኤልበርት፣ ያን ጊዜ የደወሉት ጠዋት ነበር።”

“አውቃለሁ” አሉ አቶ ኤልበርት።

“ምኑን ታውቃለህ?”

“አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ሰውዬ ‘ትናንት በጠዋቱ ለሚስትህ ነግሬያት፣ የት ጠፋህ?’ ሲለኝ፣ ‘በረዶ መንገዱን ዘግቶት ነው’ አልኩት። ቅንጣት በረዶ አልነበረም እኮ።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ትለኛለህ? እኔ እኮ በዚህ ነገር ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።”

“ምን ልበልሽ? እኔ በዚያ ስልክ አምስት ዓመት ወሰድኩብሽ፤ አንቺ አንድ ቀን ወሰድሽብኝ። እስቲ አሁን ማነው ይቅርታ ጠያቂው?”

ወይዘሮ ጀነቫ እንደሚሉት፣ እርሳቸው ሲያለቅሱ አቶ ኤልበርት ሲስቁ፣ ኋላም ሁለቱም ሲስቁ፣ ነርሷ የታመመው የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቷት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን አብረው ቆዩ፤ “በትዳሬ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀናት አላየሁም” ይላሉ።

አቶ ኤልበርት ቶሊቨር በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2021፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጀነቫን፣ ልጆቻቸውን ዳፍኔንና ዌንደልን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እኅቶችንና ጨዋታውን ከእርሳቸው የተማሩ ብዙ የማርሎ ሴቶችን ትተው ሄደዋል።

ቸሩ አምላካችን ስም ከዝርዝር በማይፋቅበት ቤቱ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ለእኅቴ ለጀነቫም እንቅልፍ ይስጥልን። አሜን።