የትኛው ግድግዳ?

በኛ ጊዜ ቀበሌ ሲጠራህ ለመልካም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ልጆች፣ መጀመሪያ ይሄን ካልያዛችሁ የዓይኔን ነገር አትረዱትም።

እኔ ያኔ እዚሁ ጉርድ ሾላ፣ ልብስ ሰፊዎች ማህበር ውስጥ ነበርኩ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፣ እና ዓይኔ ሲጀምረኝ በፊት ለፊት አይደለም የጀመረኝ፣ በጎን ነው። በጎን! መርፌው ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ግን ከበሩ መቃን ጋር እላተማለሁ፣ ሰው ከጎኔ ቆሞ «ደህና አደርሽ» ሲለኝ ክው እላለሁ። ታዲያ ለማን ልንገር? «ጎን ጎኑ ጠፋብኝ» ስላቸው ሴቶቹ፣ «እና ፊት ፊቱን እያየሽ ሂጂያ!» ብለው ይስቁብኛል። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ባሌ ሞቷል፣ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ዓይኔ ነው፣ ሌላ ምን ነበረኝ?

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያውን ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል፣ «ጓዶች! የዓይን በሽታ ጥናት ስለሚካሄድ እሁድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ እንድትገኙ! ምርመራው ነፃ ነው! የቀረ ይቀጣል!» ነፃ ነው፣ የቀረ ይቀጣል! እስቲ አሁን እንዲህ ተብሎ ሰው ይጠራል? ደግሞ ጥናት አለ። ያኔ «እገሌ እየተጠና ነው» ከተባለ ሊታሰር ነው ማለት ነው፣ ጎረቤቱም ሰላም አይለው፣ ታዲያ ሰዉ «ጥናት» የሚለውን ሰማና «በሽታ» የሚለውን አልሰማም። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሐኪም በእግሩ ደጄ ድረስ መጣልኝ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

ወዲያው ጎረቤቴ ወሰኔ፣ ነፍሷን ይማረው፣ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ፣ «ብርቄ! ብርቄ! ሰማሽ?» «ምኑን?» «ዓይኑ ደህና የሆነውን እየመረጡ ተኳሽ ሊያደርጉት ነው አሉ! ይሄ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት! ለኔና ላንቺ ዓይን ብሎ ነው ይሄ ሁሉ ሐኪም? ግርማዬን ‹ምንም አይታየኝም በል› ብዬዋለሁ።» «ኧረ ወሰኔ፣ ሐኪሞች ናቸው እኮ!» «ሐኪሞቹንስ ማን ላካቸው?» አለችኝ። ማን እንደላካቸው በምን አውቄ! «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» ብላኝ ሄደች፣ እሷ ከሄደች ደግሞ ወሬው ሳያንኳኳው የሚቀር ቤት የለም።

ግርማ ማለት የወሰኔ ልጅ፣ ይሄ አጠገቤ የተቀመጠው ራሰ በራ ነው። አትሳቅ አንተ! ያኔ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነበር፣ አሁን ሰሚት የምትሉት ሜዳ ላይ ኳስ ከየትም ትምጣ ትቀለባለች።

ታዲያ እሁድ ደረሰ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፈዋል፣ ወረቀቱ ላይ ሹካ የሚመስል ምልክት አለ፣ ከላይ ትልቅ ነው፣ ወደ ታች እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። ፊደል ላልቆጠረም ሰው ይሆናል፣ የሹካዋ ጥርስ ወደየት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ብቻ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲጀምር ትሁት ነበር። «ወደየት ነው?» «አይታየኝም።» «ትልቋስ?» «እሷም።» የሚቀጥለው፣ «ጭጋግ ነው።» ሌላው ደግሞ፣ «እኔ ከልጅነቴም!» አለ፣ ሹፌር እኮ ነው! ጠዋት መኪናውን ነድቶ ነው የመጣው! ሐኪሙ ረዳቱን ያያል፣ ረዳቱ ሐኪሙን ያያል፣ መንደሩ በሙሉ ታውሯል።

ከዚያ ግርማ ቀረበ። «ሹካዋ ወደየት ነው የዞረችው?» «የቷ ሹካ?» «ግድግዳው ላይ ያለችው።» እና ይሄ ጉድ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«የትኛው ግድግዳ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አነሳና ሳያስበው «እንካ!» ብሎ ወረወረበት። ግርማ በአንድ እጁ ቀለብ! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ፣ ወሰኔ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ደርቃ ቀረች። ሐኪሙ ግን ደም ሥሩ ተገታተረ። «ከጠዋት ጀምሮ ስትቀልዱብኝ ነው እንዴ? እኔ ሰው እንዳይታወር ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት! ቀጥሎ!»

ቀጥሎ ማን ነው? እኔ!

«እርስዎስ ምን ሆኑ?» «ዶክተር፣ ጎን ጎኑ ጠፋብኝ።» «ሹካዋ?» «ወደ ላይ።» «ይቺስ?» «ወደ ቀኝ።» እስከ ታችኛዋ ድረስ አሳየሁት፣ እየታየችኝ አትታየኝም ልበል? «ሥራዎ ምንድን ነው?» «ልብስ ሰፊ ነኝ።» «መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ?» «አስገባለሁ።» «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ይኸው፣ በእርስዎ ጀምሮ በአንቺ ጨረሰው። «ዶክተር፣ በሞቴ ይስሙኝ፣ በር ይመታኛል!» «ክፈቺዋ!» አለኝ። «ቀጥሎ!»

በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል የሚሉት ይሄ ነው! አንዴ ጣቱን ከጎኔ ቢያወዛውዝልኝ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደማይታየኝ ያውቅ ነበር። ግን መንደሩን ሙሉ ውሸት ሲሰማ ውሎ የኔን በምን ይለየው? እኔም አፍሬ ወጣሁ፣ ምናልባት ድካም ይሆናል፣ ምናልባት የመብራቱ ነገር ነው እያልኩ ዝም ብዬ ስሰፋ ከረምኩ። መገናኛ ጋ ከጎኔ የመጣ መኪና ሊበላኝ ሲል ለጥቂት ስተርፍ ነው ከተማ ሆስፒታል የሄድኩት። እዚያ አንዲት ትልቅ ሴት ሐኪም በመሣሪያ አየችኝና፣ «የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይባላል። ከጎን ጀምሮ ነው የሚበላው፣ መሃሉን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንያዘው። ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ!» አለችኝ። «መጥቼ ነበር!» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ እሷ ምን አደረገች!

ጠብታው ደግሞ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን የለም፣ እና እንዲህ እንዲህ ሲል ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ቀረልኝ። በነጭ በትር መሄድ የሚያስተምር ሰው መኖሩን እንኳ የሰማሁት ስንት ቦታ ወድቄ ከተነሳሁ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚነግር ይጥፋ? ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ ዛሬም ያናድደኛል።

— ግርማስ ከውትድርናው ዳነ?

የት ይድናል! እዚያው ሜዳ ላይ፣ ግቡ መሃል እንደቆመ ለውትድርና አፈሱት። ዓይንህ ደህና ነው ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ? ማንም! በእግዚአብሔር ቸርነት ደርግ ሲወድቅ ተመለሰ። በወሰኔ አልፈርድም፣ እናት ናት፣ እኔም ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ከሷ የባሰ እዋሽ ነበር። ግን እሷ ለልጇ ስትዋሽ የኔ እውነት ውሸት ሆኖ ቀረ፣ በዚህ ማንን ከስሼ ማንን እንደምምር እስከ ዛሬ አላውቀውም።

— እትዬ፣ በቃ ይነሱ፣ የሐኪም ቀጠሮዎ ሊያልፍ ነው። እጅዎን ይስጡኝ። ቀስ ይበሉ፣ ደረጃ አለ።

የትኛው ደረጃ?

— ኧረ እትዬ! እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሉኝ?

ግድግዳው እስኪታይህ ድረስ፣ ግርማ! በል፣ ጥብቅ አድርገህ ያዘኝ።