የአባባ ኡርጌሳ ምችና የተኛው መድኃኒት

«ወራጅ አለ። ለምች ብዬ ሆስፒታል አልሄድም አልኩኮ።»

«አካኮ፣ ገና ከጎሮ እንኳን አልወጣንም። ቁጭ ይበሉ በናትዎ።»

«አንተ ልጅ፣ ወራጅ አለ አልኩህ። አትሰማም?»

እሰማለሁ። ወራጅ የማይሰማ የታክሲ ረዳት የለም፣ መስማት የማይፈልግ ነው ያለው። አባባ ኡርጌሳን ጎሮ ላይ የማያውቃቸው የለም፤ አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበትን መሬት ድሮ ጤፍ ሲያርሱበት የኖሩ ሰውዬ ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ በኦሮምኛ «አካኮ»፣ አያቴ፣ የምትላቸው የልጃቸው ልጅ ጫልቱ ናት። ፋርማሲ ተምራ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አዲስ መድኃኒት ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ትሠራለች። የሰፈሬ ሰዎች ስለሆኑ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ጭቅጭቅ ደግሞ ነፍሴ ነው። በሩን በጉልበቴ ደገፍ አድርጌ፣

«አባባ፣ በሩ ተበላሽቷል። የሚከፈተው መገናኛ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሹፌሩ ሙክታር በመስታወት አየኝና ሳቁን ዋጠ። በሩ ምንም አልሆነም።

አባባ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ ተወሽቀዋል። የታችኛው ከንፈራቸው ላይ ቁስል አለ። ዳማከሴ ጨምቀው ቀብተውት አረንጓዴ ሆኗል።

«ምን ሆኖ ነው ግን?» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ምች ነው» አሉ። «ላብ በላብ ሆኜ ፀሐይ ላይ ወጣሁ፣ መታኝ።»

«መቼ?»

«አምና፣ የጥምቀት ሰሞን።»

«ምች እንዲህ ዓመት አይቆይም፣ አካኮ» አለች ጫልቱ። ድምጿን ለማለስለስ ስትታገል ያስታውቃል። «ዛሬ ካልደረስን ጥናቱ ውስጥ የተያዘልዎ ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀዶ ጥገናው ነው። ቁስሉ በቢላ ነው የሚነሳው።»

«ስንት ምች አልፏል በዚህ ከንፈር። ለዚህ ብሎ ማን በቢላ ይቆረጣል? ደግሞ መብራት አበራብሃለሁ ትይኛለሽ። ፀሐይ የመታውን ሰው መልሶ በመብራት መምታት ከየት የመጣ ህክምና ነው?»

እውነቴን ነው፣ እዚህ ላይ አባባ ያሸነፉ መሰለኝ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ሴትዮም «ልክ ናቸው» ስትል ሰማኋት።

ጫልቱ ግን የዋዛ አይደለችም። «መብራቱ ብቻውን አይደለም የሚያክመው» አለች። «መጀመሪያ መድኃኒት በደም ስርዎ ይሰጥዎታል። መድኃኒቱ ብርሃን ካልነካው የተኛ ነው፣ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። እሱን ደግሞ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እሽጎች ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። የታመመው ቦታ ላይ ያሉት ደም ስሮች ጥሩ አልተሠሩም፣ ያፈሳሉ። እሽጎቹ እዚያ ሲደርሱ ሾልከው ይገቡና ይቀራሉ። ከዚያ ሐኪሙ ከንፈርዎ ላይ ብቻ ቀይ ብርሃን ያበራል። መድኃኒቱ ይነቃና የታመመውን ይገድለዋል።»

«በዓይን የማይታይ ነገር ደሜ ውስጥ? ምን ጭኖ እንደገባ በምን አውቃለሁ?»

እኔ ትምህርትን ስምንተኛ ክፍል ላይ ቻው ብያት ነው የወጣሁት፣ ግን ጭነት ከተባለ ሙያዬ ነውና ገባሁበት። «አባባ፣ እኔ ላስረዳዎት። መድኃኒቱ ተሳፋሪ ነው። ዝም ብለው ቢለቁት በየፌርማታው እየወረደ ጤነኛ ሰፈር ይበጠብጣል። እሽጉ ኮንትራት ታክሲ ነው፣ እስከ በሩ ያደርሰዋል። ተሳፋሪው መንገዱን ሙሉ ተኝቷል። መብራቱ ‹ደርሰሃል፣ ተነስ› የሚለው ረዳት ነው።»

ጫልቱ አየችኝ፣ ልትስቅም ልትቆጣም ፈልጋ። «ደህና ነው» አለች። «ግን ኮንትራቱም መንገድ ላይ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል። ሁሉም እዚያው ይደርሳል ብዬ አልዋሽም።»

«እሺ፣ ገባኝ እንበል» አሉ አባባ። «ይሄ ሁሉ እሽግ፣ ይሄ ሁሉ መብራት፣ ለምች?»

ጫልቱ አቀርቅራ ጣቷን ትቆለምማለች። ያኔ ነው የበራልኝ። ከጎሮ ጀምራ «ቁስሉ»፣ «የታመመው ቦታ»፣ «የታመመውን» ነው የምትለው፤ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠራችም። እኔ ደግሞ አፌ ላይ መዝጊያ የለም።

«ጫልቱ፣ ካንሰር ነው እንዴ?»

ሙክታር ዘፈኑን ዘጋው። ጫልቱ በጥፊ ብታጠናግረኝ ደስ ይላት ነበር።

አባባ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። «ጫልቱ፣ ልጁ የጠየቀሽን መልሺለት።»

«እማዬ አይነገረው ብላለች። ከደነገጠ ይብስበታል ብላ…»

«እናትሽን አልጠየቅኩም።»

«አዎ፣ አካኮ። ካንሰር ነው። ግን ትንሽ ነው፣ ከከንፈርዎ አልወጣም።»

ገርጂ ደረስን። ሌላ ተሳፋሪ «ወራጅ» ሲል እኔ እንኳን በሩን ቀስ ብዬ ነው የከፈትኩት፤ ተበላሽቷል ማለቴን ማንም አላስታወሰኝም። አባባ አሁን ይወርዳሉ ብዬ ፈራሁ። በሩ ተከፍቷል፣ ወርደው ቢሄዱ ማን ይይዛቸዋል? አልተነሱም።

«ቢላው ምን ያህል ይወስዳል?» አሉ በመጨረሻ።

«የታችኛውን ከንፈርዎን ግማሽ ያህል።»

«በሰፈሩ ልጅ ሲዳር የምመርቀው እኔ ነኝ። በግማሽ ከንፈር ምን ተብሎ ይመረቃል?» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «መብራቱስ ከንፈሬን ይተውልኛል?»

«ከተሳካ ይተውልዎታል። ጥናት ነው፣ ይሳካል ብዬ አልምልም። ሲበራብዎት ያቃጥላል። ካልሠራ ደግሞ ቢላው የትም አይሄድም፣ ያኔም ይቻላል። ከዘገየን ግን ሁለቱም ይከብዳሉ።»

«እንዲህ ብለሽ አታወሪም ነበር? ለምች ዳማከሴ አለኝ፣ ለዚያ ነው አልሄድም ያልኩት። ለካንሰር የለኝም። እሄዳለሁ።»

እኔ ተምሮ የሚመክር ሰው አይደለሁም፣ ግን ያየሁትን ልናገር። ጫልቱ ይሄን የሚያህል እውቀት ይዛ ሽማግሌውን ማሳመን ያቃታት መድኃኒቱ አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም። በሽታውን ደብቃ መድኃኒቱን ልትሸጥላቸው ስለሞከረች ነው። በሽተኛው እኮ ሞኝ አይደለም፤ ምች መስሎት የተዋችሁትን ሰው በመብራት ላክምህ ስትሉት እምቢ ማለቱ ጭንቅላቱ እንደሚሠራ ነው የሚያሳየው። እናታችንን፣ አባታችንን «ደህና ነህ፣ ቀላል ናት» እያልን ሕክምናው የሚቀልበትን ጊዜ እናሳልፋለን።

ጫልቱ እንባዋን ጠርጋ ቀለል አላት። «አካኮ፣ አንድ ነገር ላይ ደግሞ ልክ ነበሩ» አለች። «ፀሐይ መታኝ ማለትዎ። ዕድሜ ልክዎን ሜዳ ላይ ሲያርሱ ፀሐይ ከንፈርዎን ስትጠብስ ኖራለች። ሐኪሙም አንዱ ምክንያት እሱ ነው ብሏል።»

«ነግሬሽ ነበርኮ።»

«ከመድኃኒቱ በኋላም የሚፈራው ፀሐይ ነው። ያ መንገድ ላይ የተንጠባጠበው መድኃኒት ቆዳዎ ውስጥ ይቆያል፣ ብርሃን ሲያገኝ ያቃጥልዎታል። ስለዚህ ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ ጨለም ያለ ቤት መቀመጥ፣ ከወጡም ተሸፋፍኖ ነው። ሰዉ የሚያቅተው ይሄ ነው። ቤት ይሰለቸውና ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ይወጣል።»

አባባ ጋቢያቸውን አዩ፣ ባርኔጣቸውን ነኩ። «ምች እንደመታው ሰው መቀመጥ ማለት ነው?»

«ልክ እንደሱ።»

«ይሄንንማ ሐኪምሽንም አስተምርልሻለሁ።»

የኋላዋ ሴትዮ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። አባባም ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸው አመማቸውና ተዉት።

መገናኛ ልንገባ ስንል የጫልቱ ስልክ ጮኸ። እናቷ ሄሊና ናት። ጆሮዬን አሾልኩ፤ ባላሾልም እሰማ ነበር፣ የሴትዮዋ ድምፅ ሙሉ ታክሲ ያዳርሳል።

«እሺ አለሽ? ስሙን አልነገርሽውም አይደል? አደራ፣ አባቴ እንዳይደነግጥብኝ።»

ጫልቱ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሏት።

«ሄሊና፣ ካንሰር ነው አሉኝ፣ ልታከም እየሄድኩ ነው። እንዳትደነግጪ ብዬ ልደብቅሽ አስቤ ነበር፣ ግን እኔ እንደናንተ ውሸት አልችልበትም።»