ጡንቻ ጾም አያውቅም

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍል፤ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ያዛለባቸው ጡረተኛው የስፖርት መምህር ጋሽ ደምሰው፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ መዳፋቸው ላይ ታስሮላቸው ተቀምጠዋል፤ ባለሙያዋ ሐያት ፊት ለፊታቸው ቆማለች።

ደምሰው፦ በቃኝ አልኩሽ እኮ! ክንዴ ሊገነጠል ነው።

ሐያት፦ አይገነጠልም። ዝቅ ያድርጉና እንደገና ወደ አፍዎ ይሳቡት።

ደምሰው፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! እዚህ ቤት ትልቅ ሐኪም የለም?

ሐያት፦ ያለሁት እኔ ነኝ። በእጅዎ መጉረስ ይፈልጋሉ አይፈልጉም?

ደምሰው፦ እንዴት አልፈልግም! ትናንት ምራቴ በማንኪያ ስታጎርሰኝ ሽሮው አገጬ ላይ ፈሰሰ። በልጅ ልጆቼ ፊት እንደ ሕፃን ጠረገችኝ። ከዚህስ ሞት ይሻለኛል።

ሐያት፦ እንግዲያው ይሳቡ። የፊቱ ጡንቻ ሲያጥር የኋላው ይላላል፤ ክርንዎ የሚታጠፈው ያኔ ነው።

ደምሰው፦ ለእኔ ነው የምታስተምሪው? ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን! ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም። አንዱ ሲስብ ሌላው ካልለቀቀለት አጥንት ንቅንቅ አይልም።

ሐያት፦ ጎበዝ። ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?

ደምሰው፦ ጠማኝ። ከዚችው አንድ ጉንጭ አቅምሺኝ።

ሐያት፦ አይሆንም፤ ክብደቱ ይቀንሳል።

ደምሰው፦ ኧረ በፈጠረሽ! ውሃ ይዤ ውሃ ይጥማኝ? ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ?

ሐያት፦ ጡንቻ ጾም አያውቅም፣ ጋሼ።

ደምሰው፦ ምን አልሽ?

ሐያት፦ የራስዎ ቃል ነው። ሰባተኛ ክፍል ተማሪዎ ነበርኩ።

ደምሰው፦ ተማሪዬ ነሽ? ቆይ... በቀበቶ ዓይኗን ያገኘኋት ልጅ! ስንዱ! ዳነልሽ አይደል?

ሐያት፦ ስንዱ አይደለሁም።

ደምሰው፦ እ... ጥርሷ የወለቀው? ሙሉነሽ?

ሐያት፦ እሷም አይደለሁም። ስንቶቻችን ነን፣ ጋሼ?

ደምሰው፦ ብዙ ናችሁ፤ ማንን ላስታውስ?

ሐያት፦ ሸራ ጫማዬን ረስቼ መጣሁ። በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድንጋይ አስይዘው እጄን ወደ ላይ አሰቅለው አንበረከኩኝ። ጾመኛ ነኝ ብዬ ለመንኩዎት። ስወድቅ ደግሞ አፌን ፈልቅቀው ውሃ አጠጡኝ። ልጆቹ ሳቁ። እርስዎም ሳቁ።

ደምሰው፦ ሰው ላደርጋችሁ ብዬ ነው እንጂ! ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ሐያት፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይሳቡ!

ደምሰው፦ ውይ! ውይ! ክንዴ ተገተረብኝ፣ አልላላ አለኝ!

ሐያት፦ ለመላላትም ጉልበት ያስፈልጋል። ሬሳ ለምን ይደርቃል? መልቀቂያ ጉልበት ስለሚያልቅበት። ይህንንም ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ደምሰው፦ በቁስሌ ላይ እንጨት አትስደጂብኝ! እሺ፣ ይቅር በይኝ። ብቻ አሳርፊኝ፣ በነቢዩ!

ሐያት፦ ይቅርታው ለእረፍቱ ነው?

ደምሰው፦ ለእሱም ነው... ምን አለበት?

ሐያት፦ ስሜን ያውቁታል?

ደምሰው፦ እ... ሲስተር።

ሐያት፦ እሺ ጋሼ፣ ይረፉ። ማሰሪያውን ልፍታልዎ። ውሃውንም ይጠጡት።

ደምሰው፦ እሰይ! ተባረኪ። ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?

ሐያት፦ አይምጡ። በቃኝ ብለዋል፣ እኔም ለሚጠይቀኝ «በራሳቸው አንደበት በቃኝ አሉ» እላለሁ። ያልሠራ ጡንቻ ይሰልላል፤ ያንንም ያውቁታል። ምራትዎን ሰፋ ያለ ማንኪያ ግዢ ይበሏት።

ደምሰው፦ ምን? አይ! አይ ልጄ! መልሰሽ እሰሪው! ውሃውን አልጠጣም፣ ይኸው፣ አልነካሁትም! እሰሪው እንጂ! እቆጥራለሁ፣ አንድ... ሁለት...

ሐያት፦ እንደገና ከአንድ ይጀምሩ። ተንበርክከው።