የአያ ጌጡ የብየዳ ማስክ ለምን አልጠቁርም አለ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ሐሰት ከተገኘበት የጉና ውርጭ ምላሴን ያድርቀው። እኔ ፋንታው ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም የተለያየሁ ሰው ስለሆንሁ፣ «ይኼን ደግሞ ከየት አመጣው?» የሚል አይጠፋም። የማያምን ጋፋት ወርዶ ይጠይቅ፤ መንገዱን የዘጋበት የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ከደብረ ታቦር በእግር መንገዱ ወደ ጋፋት ስወርድ፣ አንድ ሙክት በግ ሰው እየጎተተ ሲመጣ አየሁ። ልብ በሉ፤ ሰው በግ እየጎተተ አላልሁም። የበጉን ላት ጨብጠው የሚከተሉት ጎረቤቴ አያ ጌጡ ነበሩ፤ እግቢያቸው ውስጥ ባለች ዳስ በርና መስኮት እየበየዱ የሚኖሩ። ሁለት ዓይናቸው ላይ የድንች ቁራጭ በሻሽ ታስሯል።

«እንዴት አደሩ አያ ጌጡ? ምን አገኘዎት?»

«ፋንታው ነህ? አንተ እንኳ ገና ሳትዋሽ በድምፅህ ትታወቃለህ» አሉኝ። «የብየዳ እሳት ለብልቦኝ ነው። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተሞጀረ ይመስለኛል።»

«ድንቹስ?»

«መድኃኒት ነው። የጉና ድንች ነው፣ ብርድ የጠገበ፤ እሳቱን ይመጠዋል።»

ሻሹን ገለጥ አድርጌ ባይ ድንቹ በስሏል። በዓይናቸው ትኩሳት ተቀቅሏል ነው የምላችሁ! አንዷን ቁራጭ ቀመስኋት፤ የጎደላት ጨው ብቻ ነበር።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአያ ጌጡ ግራ ዓይን ከደፈረሰ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት፣ ብረት የሚያጋጥሙት በቀኙ ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪምም «አሁንም በባዶ ዓይን ከበየዱ ቀኙም የግራውን መንገድ ይሄዳል» ብሏቸዋል። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው መለስኋቸው። በጉ ተቀየመ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ አላየም።

እቤት ስንደርስ ኤሌኒ ቀድማን ደርሳለች። ኤሌኒ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳ፣ ደብረ ታቦር ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ተምራለች። መስታወቱ እሳት ሲያይ በራሱ የሚጠቁረውን ማስክ ለአያ ጌጡ ያመጣችላቸው እሷ ነበረች። ያ ማስክ አሁን ከዳሱ ጥግ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ ውስጡ ዶሮ ተኝታበታለች።

«አያ ጌጡ፣ ምነው ማስኩን እንዲህ ጣሉት?» አለች ኤሌኒ፣ እጃቸውን ስማ።

«ለዶሮ ሰጥቻታለሁ። እሷ ትበይድበት።»

«ምን አደረገዎት?»

«ዋሸኛ! ‹እሳት ሲያይ በራሱ ይጠቁራል› ብለሽኝ አልነበር? የኤሌክትሮዱን ዘንግ ከብረቱ ሳስነካው ቦግ! እንደ መስኮት ብርሃኑን ለቀቀብኝ። ወርውሬው በገዛ ዓይኔ በየድሁ።»

«በባዶ ዓይን?»

«ጨፈን ገለጥ እያደረግሁ ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነው የበየድሁ።»

«ግራ ዓይንዎስ ዕድሜዎን ሙሉ እንዲሁ ደፍርሶ ነው የኖረ?»

የአያ ጌጡ ባለቤት እትዬ ዘነበች ሳቋን በነጠላዋ ከለለች። እኔ ግን የምከልልበት ስላልነበረኝ አያ ጌጡ ሰሙኝ።

«ሳቅ አንተ! ስሚ ኤሌኒ፣ እኛ የጋፋት ሰዎች ነን። ትልቁ መድፍ የቀለጠ እዚህ ነው። ያን ጊዜ ማን ማስክ አጠለቀ? ከባሕር ማዶ የመጣ ፕላስቲክ ለእኔ ስለ እሳት ሊያስተምረኝ?»

«የመድፉን ስም ልጅ አዋቂው ይጠራል፤ ያቀለጡት ሰዎች ዓይን ምን እንደሆነ የጠየቀ አለ?» አለች ኤሌኒ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ደግሞም ያ የከሰል እሳት ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ ሰው የማያየው ጨረር አለው። ሲመታዎት አይታወቅዎትም፣ ማታ ነው አሸዋ ሆኖ የሚቆረቁርዎት። የማስኩ መስታወት እኮ ባይጠቁር እንኳ ያንን ጨረር ያግዳል። ብርሃኑ አጥበርብሮዎት ይሆናል፤ የለበለበዎት ግን ከወረወሩት በኋላ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። የሀገራችን ሰው አዲስ ዕቃ አንድ ጊዜ ካስቀየመው ለሰባት ትውልድ ይጣላዋል። ሬዲዮው ቢንሾካሾክ በጥፊ ነው፤ ባትሪውን የሚያይ የለም። እኔም ራሴ እንዲሁ ነኝ። ስለዚህ አያ ጌጡን ለመውቀስ አልቸኩልም።

ኤሌኒ ማስኩን ልታነሣ ስትሄድ ዶሮዋን የማስነሣቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ፤ ጠባሳው እጄ ላይ አለ። ማስኩ ሲገለበጥ ግንባሩ ላይ፣ ከመስታወቱ በላይ ባለው ቦታ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል።

«ይህን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኛ። አዲስ ዕቃ ዓይን ይበዛበታል። ባጃጁስ ሚኒባሱስ ግንባሩ ላይ ምን ለጥፎ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርድ?»

«አያ ጌጡ፣ ከሥዕሉ ሥር ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች አሉ። የማስኩ ዓይኖች እነሱ ናቸው፤ ብልጭታውን አይተው መስታወቱን ‹ጥቆር› የሚሉት። ከነሱ ጎን ያለው የሚያብለጨልጨው ሰሌዳ ደግሞ ብርሃን እየበላ ኃይል ይሰጠዋል። እርስዎ ዓይኑን ሸፍነው፣ ምግቡን ከልክለው፣ ‹አላየም› ብለው ተጣሉት።»

አያ ጌጡ ከመደቡ ብድግ አሉ። «ታዲያ ጊዮርጊስን ላንሣው ነው የምትይኝ? አላነሣም! ዓይኔ ይጥፋ እንጂ ታቦት የማስቀይም ሰው አይደለሁም!»

እትዬ ዘነበች አማተበች። እኔ እንኳ ዝም አልሁ፤ ይህ በሀገሩ ሲወራ የሚኖር ተአምር ነው። ኤሌኒ ግን ማስኩን ይዛ ቀረበቻቸው።

«እስቲ ቀኝ ዓይንዎን ገለጥ አድርገው ሥዕሉን ይዩት።»

አያ ጌጡ ሻሹን ከፍ አድርገው፣ እንባቸው እየወረደ፣ አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠጉ።

«ምን ሆኗል? እዚህ ጋ ተበሳስቷል።»

«የብየዳ ፍንጣሪ ነው። ሲበይዱ የሚያርፍ እዚያ ነው።»

«ፈረሱን ነው የመታው?»

«እግሩን።»

«ዘንዶውስ?»

«ዘንዶው ደኅና ነው። አንዲት አልነካችውም።»

አያ ጌጡ መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ዘንዶውን ሳይነካ?»

«እሳት በሚዘንብበት ቦታ ያቆሙት እርስዎ ነዎት። ቅዱስ ሥዕል የፍንጣሪ ጋሻ ይደረጋል? ግድግዳው ላይ በክብር ይስቀሉት። እሱ እርስዎን ይይ፣ ማስኩ ደግሞ እሳቱን ይይ።»

ከዚያ አያ ጌጡ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው። ከተነሣም በእኔ እጅ ነው የሚነሣ።» ጠርዙን በጥፍራቸው እየፈለጉ፣ አንዴ «ማረኝ» አንዴ «ይህቺ ልጅ ናት» እያሉ ሥዕሉን ላጡት። ሙጫው ግን ቀረ።

«ቲነር አምጡ፣ ድራሹን ነው የማጠፋው» አሉ።

«ቲነርም ቤንዚንም አይነካውም!» ኤሌኒ ማስኩን ነጠቀቻቸው። «ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት የሳሙና ውኃ፣ እሱም ተጨምቆ። ውኃ ውስጥ መንከርማ ጨርሶ የለም።»

«ውይ በሞትሁት!» አለች እትዬ ዘነበች። «እኔ ባለፈው ሰኞ ጥላሸት ይዞት ባየው በአመድ ፈትጌዋለሁ። እንደ ድስት ነው ያጠራሁት።»

ኤሌኒ ሳቀች። «ለዚህ ነው የተጫጫረ! ግዴለም እትዬ፣ የተጫረው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ለመጎዳት የተሠራ፣ ሲያረጅ የሚቀየር።» ከቦርሳዋ አዲስ ሽፋን አውጥታ አሮጌውን በጣቷ ፈልቅቃ ተካችው። ጎኑን ከፍታ ደግሞ የልብስ ቁልፍ የምታክል ባትሪ አወጣች። «ይህች በብርሃን ጥም ሞታለች» ብላ በአዲስ ለወጠቻት፤ ጽሕፈቱ ወደ ላይ መሆኑን ለአያ ጌጡ አሳየች።

«አሁን እንዴት ይታወቃል? ልበይድና ልየዋ!»

«ዓይንዎ ሳይድን ኤሌክትሮድ አይነኩም። ማስክ በብየዳ አይፈተንም፤ መጀመሪያ በፀሐይ ነው።» ማስኩን በክንዷ ርዝመት ራቅ አድርጋ ግንባሩን ወደ ፀሐይ አዞረች። «በእሱ ውስጥ ፀሐይዋን እንዳያዩ፤ መስታወቱን ብቻ ይዩ።»

መስታወቱ ጥቁር ሆነ። ወደ ጥላው ስትመልሰው ጠራ። እንደገና አዞረችው፤ እንደገና ጠቆረ።

«እስቲ እኔ» አሉ አያ ጌጡ። አዞሩት፤ ጠቆረ። በእጃቸው ግንባሩን ሸፈኑት፤ ጠራ። እጃቸውን አነሡ፤ ጠቆረ። እንዲህ ሲያደርጉ እኩለ ቀን ሆነ፤ ዶሮዋም ተስፋ ቆርጣ ሌላ ጎጆ ፍለጋ ሄደች።

«ውስጡ ያለው መስታወት ከተሰነጠቀ ግን አይጠገንም» አለች ኤሌኒ። «ሙጫም ፕላስተርም አይሞክሩ፤ ይጥሉታል። ከጭስ ያርቁት፣ በጨርቅ ከረጢት ይስቀሉት። ሁልጊዜ ከሥራ በፊት በፀሐይ ይሞክሩት። ካልጠቆረ ያን ቀን ብየዳ የለም።»

ዓይናቸው ሲሻላቸው አያ ጌጡ ዳሳቸውን ከፈቱ። ጊዮርጊስ ከፍንጣሪ ርቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከአንበሳሜ የመጡ በያጆች ሊያዩ ተሰበሰቡ፤ ሁሉም ዓይናቸውን የሚያሹ ናቸው። አያ ጌጡም ማስኩን ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦

«ወገኖቼ፣ ተረታሁ! ዓይን የሚያህል ነገር በእልህ ማጣት ጀግንነት መስሎኝ ኖሬያለሁ። ማስክ ያጠለቀ በያጅ ብረቱን አጥርቶ ያያል፣ የብየዳው ስፌት ይያያዛል፣ ማታ ድንች ሳያስር ይተኛል፣ ልጆቹንም በመልካቸው ይለያል። ዕቃ ሲበላሽ ከመወርወራችን በፊት ምን እንደሸፈንበት እንይ!»

ያማረ ንግግር ነው፣ አይደል? እንግዲህ የፈጠርሁት ይህን ብቻ ነው። በጉም፣ የበሰለው ድንችም፣ ዶሮዋም እንዳሉ ይቆዩ፤ በእነሱ አልከራከርም። አያ ጌጡ ግን «ተረታሁ» አላሉም፤ ወደፊትም አይሉም። የአንበሳሜ ሰዎች ቆመው ሲጠብቁ፣ ማስኩን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፣ አጠለቁት፣ ኤሌክትሮዱን አስነኩ። እኔም ቀረብ ብዬ «አያ ጌጡ፣ ለእንግዶቹ አንድ ቃል አይናገሩም?» ብላቸው፣ ከማስኩ ውስጥ መለሱልኝ፦

«ፊትህን አዙር አንተ፤ ዓይንህ ባዶ ነው!»