ከሾፌሩ ወንበር በላይ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ የመኪና ወንበርና የጣሪያ ጨርቅ የሚቀየርበት ግቢ፤ ባለሙያው ሸምሱ ለሶላት ወጣ ብሏል፤ በአሮጌዋ ማርቸዲስ ውስጥ የሟቹ የመኩሪያ ሚስት ስኂን ከመሪው ኋላ፣ ታላቅ እህቱ ወይዘሮ አልታየ ከጎኗ ተቀምጠዋል፤ የረገበው የጣሪያ ጨርቅ አናታቸው ላይ ሊያርፍ ደርሷል።

ስኂን፦ እኔ የምልዎት፣ እትዬ፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም ነው። ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ተነሳሁ። ውሻውን አበላሁ፣ ለበስኩ፣ ሞተሯን አስነስቼ እስክትሞቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ጃንጥላዬን ከኋላ ወንበር አንስቼ፣ ዘርግቼ ጣሪያውን ደገፍኩት። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አስተማርኩ፣ ወጣሁ፣ እርስዎን ከቤትዎ አነሳሁ። ችግሩ የቱ ጋ ነው?

አልታየ፦ ጃንጥላው ጋ።

ስኂን፦ ጃንጥላው ደህና ነው።

አልታየ፦ ሰው ጃንጥላ የሚዘረጋው ከመኪና ሲወርድ ነው። የሰፈራችን ዘበኛ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «እሜቴ፣ እውስጥ ይዘንባል እንዴ?»

ስኂን፦ ምን አሉት?

አልታየ፦ ምን እለዋለሁ? መምህርት ናት፣ ጥናት ላይ ናት አልኩት።

ስኂን፦ ደግ አደረጉ።

አልታየ፦ እሁድ ብሌን የምትሞሸረው በዚህች መኪና ነው። ልጄ አንድ ቬሎ ይበቃታል፤ ሌላ ከላይ እንዲወርድባት አልፈልግም።

ስኂን፦ የሚከራይ መኪና ሞልቷል። ረጅሙ፣ ነጩ አለ። አንድ ሰፈር ሙሉ ይጭናል።

አልታየ፦ አጎቷ ቃል ገብቶላታል። «አንቺንማ በእኔ መኪና ነው የምድርሽ» ያላት ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ነው። እሱ ባይኖር መኪናው ይኑርላት።

ስኂን፦ እኔ መቼ ከለከልኩ? ትሂድባት። ጃንጥላውን ሚዜዋ ትይዝላታለች።

አልታየ፦ አታሹፊብኝ፣ ስኂን።

ስኂን፦ እርስዎ ጀመሩት።

አልታየ፦ ሸምሱ የነገረሽን ሰምተሻል አይደል? ጨርቁን የያዘው ስፖንጅ ዱቄት ሆኗል። ማስቲሽ ቢያፈሱበት አይዝም። ያለው መላ ገንጥሎ ጥሎ በአዲስ መሸፈን ነው። ይኸው ዳር ዳሩንም ፈትቶታል። አንቺ ሁለት ዲግሪ ይዘሽ ምን አልሽው? «አሮጌውን መልሰህ ለጥፍልኝ።» ሰውዬው የሶላት ሰዓት ደርሶበት የሄደ አይመስለኝም፤ ትዕግስት ሊለምን ነው።

ስኂን፦ እስፒልም አለ። ዙሪያውን በእስፒል ብንወጋው…

አልታየ፦ መኩሪያም በእስፒል ወግቶት ነበር። የፋሲካ ዕለት አንዱ ወደቀና የንስሐ አባታችን ተቀመጡበት።

ስኂን፦ መኩሪያ ግን ስቆ ነበር።

አልታየ፦ እሱማ ይስቃል፤ የተቀመጠበት እሱ አይደል። ስሚ፣ ልንገርሽ? አንቺ መኪናውን ወረስሽ፣ ደስ ይበልሽ። ሀዘኑንም ግን ብቻሽን ወረስሽው።

ስኂን፦ ሀዘኑን ማን ከለከለዎት?

አልታየ፦ አንቺ ነሻ። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? ለቅሶው ቤት ወንድሜን ቀብሬ ገብቼ፣ አንቺ ሳህን ይዘሽ «እትዬ፣ ይብሉ እንጂ» ስትዪኝ ዋልሽ።

ስኂን፦ ርቦዎት ነበር። ደግመው በልተዋል።

አልታየ፦ በልቻለሁ። እሱ ሌላ ነገር ነው። አሁን እውነቱን አውጪው፤ ይህን ጨርቅ ምን ብለሽ ነው የሙጥኝ ያልሽው?

ስኂን፦ ቀና ይበሉ። በጃንጥላው ልግፋልዎት፣ ይታይዎታል። እዚህ፣ ከእኔ አናት በላይ።

አልታየ፦ ምን አለው? ቆሽሿል።

ስኂን፦ አዎ።

አልታየ፦ መዳፍ የምታህል ክብ፣ ጥቁር። ቅባት ነው።

ስኂን፦ የመኩሪያ ነው። ቁመቱን ያውቁታል፤ ሲነዳ አናቱ ጣሪያውን ይነካ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በራውን ቅባት ይቀባዋል።

አልታየ፦ ቆይ። ጃንጥላው ለዚህ ነው?

ስኂን፦ ራሴ እንዳይነካትና እንዳያበላሻት ነው።

አልታየ፦ በይ አሁን ያዝኩሽ። ወንድሜ ያለ ባርኔጣ መኪና ነድቶ አያውቅም። ባርኔጣህን አውልቅ እንዳይሉት ብሎ አይደል እንዴ ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ስር ሆኖ ያስቀድስ የነበረው? እኔ ቤት ምሳ ሲመጣ ባርኔጣው አብሮት ይበላ ነበር። ይህ የመካኒክ ግራሶ ነው። የመካኒክ አናት ነው ተሸክመሽ የምታለቅሺው።

ስኂን፦ አላለቀስኩም።

አልታየ፦ ተሸክመሽ የምትዞሪው ልበል።

ስኂን፦ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ያወልቀው ነበር።

አልታየ፦ ባርኔጣውን?

ስኂን፦ ከግቢያችን በር እንደወጣን አውልቆ ጭኔ ላይ ያስቀምጠዋል። የሰው ቤት ልንደርስ ስንል መልሼ እሰጠዋለሁ።

አልታየ፦ እኔ ያሳደግኩት ልጅ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳን…

ስኂን፦ እርስዎንማ ይፈራ ነበር። «አልታየ በራዬን ያየች ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል» ይል ነበር።

አልታየ፦ መቼስ እናገር ነበር።

ስኂን፦ ያውቃል።

አልታየ፦ እይ እንግዲህ። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ዘመድ ሰብስቤ፣ ነጭ ቀሚስ ገዝቼ፣ ከልሽን በእጄ ያወለቅኩልሽ እኔ ነኝ። አንቺም እሺ ብለሽ ለበስሽ፣ ጉንጬን ሳምሽኝ። እኔ ሞኟ ወለቀ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ለካ ከሉን እዚህ ጣሪያ ላይ ሰቅለሽዋል።

ስኂን፦ ከል ሰው ለራሱ አያወልቅም፤ ዘመድ ነው የሚያወልቅለት።

አልታየ፦ እንዴታ። ወጉ ነው።

ስኂን፦ እንግዲያው ያውልቁልኝ። ሸምሱ ዳር ዳሩን ፈትቶታል፤ አንዴ መሳብ ብቻ ነው።

አልታየ፦ እኔ?

ስኂን፦ አሁን «ገንጥሎ ጥሎ» ሲሉ አልነበረም?

አልታየ፦ ሸምሱ ይምጣና ይሳበው።

ስኂን፦ ሸምሱ ዘመዳችን አይደለም።

አልታየ፦ ጥፍሬን ተቀብቻለሁ።

ስኂን፦ ጨርቅ ነው፣ ምንም አይሆኑም።

አልታየ፦ ቆይ እስቲ፣ አታጣድፊኝ። ይህችን ክብ ብቻ በመቀስ ቆርጠን ብናስቀራትስ?

ስኂን፦ አስቀርቼ የት ላድርጋት? ከዲግሪዬ አጠገብ ልስቀላት? እንግዳ ሲመጣ «ይህ የባለቤቴ በራ ነው» ልበል?

አልታየ፦ እኔ ቤት ትሁን።

ስኂን፦ እርስዎ ቤት?

አልታየ፦ እኔ አይቼው አላውቅማ።

ስኂን፦ መንካት ከፈለጉ ይንኩት። ጨርቁ ለስላሳ ነው።

አልታየ፦ ተዪኝ። ስሚ፣ ሸምሱን እናሰናብተው። ብሌን በነጩ መኪና ትሂድ። አንቺም እንደ ልማድሽ ንጂ፤ ጃንጥላውን እኔ እይዝልሻለሁ።

ስኂን፦ አይሆንም። ልጅቷ ቃል ተገብቶላታል። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አቧራ አለው።

አልታየ፦ ስኂን፣ ቆይ አልኩሽ። ስኂን… ኧረ ቀስ። ፀጉሬ። ዛሬ የተሰራሁት ፀጉር።

ስኂን፦ ስፖንጅ ነው፣ ይራገፋል።

አልታየ፦ አንቺም ላይ ዘንቦብሻል። አመድ የነሰነሱብሽ ነው የምትመስይው። ምን ነካሽ? አይሆንም ስትዪ የዋልሽው አንቺ፣ የገነጠልሽው አንቺ?

ስኂን፦ ሁለታችንም ከያዝነው ማን ያወልቀው ነበር?

አልታየ፦ ክቧስ? የቱ ጋ ነበረች? ጨርቁ ተሸብሽቦ፣ ስፖንጁም ተለውሶበት ሁሉም ጠቁሯል። አልለይ አለኝ። ቆይ፣ በብርሃኑ በኩል ላዙረው።

ስኂን፦ ይተዉት፣ እትዬ። ይምጡ፣ ልብስዎን ላራግፍልዎት።

አልታየ፦ እዚህ ጋ ትመስላለች። አይደለችም። ሸምሱ ዓይኑ ያያል፣ እሱ ሲመጣ ይፈልጋት።

ስኂን፦ አይፈልጋትም። ለብሌን የሚሆነውን ጨርቅ ያምጣ።

አልታየ፦ አሁን ቀና ስትዪ ምን አለ?

ስኂን፦ የጣሪያው ሰሌዳ አለ። መብራቱ አለ። ክቧ የለችም።