ታጥፎ የማይቀዳ ፊት

በኛ ጊዜ እርሳስ ለሁለት ይቆረጥ ነበር። አዎ፣ ለሁለት። አባቴ በቢላዋ መሃሉን ቆረጥ ያደርግና ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለእህቴ፣ እና ላጲስ ያለበት ወገን ለማን ይድረስ ብለን ስንነታረክ፣ «ላጲሱ የሚገባው ለምትሳሳተው ነው፤ ማናችሁ ናችሁ የምትሳሳቱት?» ይለናል። ሁለታችንም «እኔ አይደለሁም»። ታዲያ ላጲስ ያለበት ግማሽ ባለቤት አጥቶ መስኮት ላይ ይከርም ነበር።

አሁን ግን ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ባለ ብዙ እርሳስ ሆኛለሁ። ሳጥኑን ክፈቺው እስቲ ልጄ፣ አትፍሪ፣ አይናከስም። ይሄ ደረቁ ነው፣ ኤች ይሉታል፣ ይሄ ሁለት ቢ፣ ይሄ ደግሞ ስድስት ቢ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ቅቤ በይው። መጀመሪያ ልገዛ ፒያሳ የሄድኩ ቀን ሻጩ «ለልጅ ልጅዎ ነው እማማ?» አለኝ። «ለራሴ ነው» አልኩት። «ለ... ለርስዎ? ምን ያደርግልዎታል?» «ልስልበት ነዋ፣ ልበላው መሰለህ?» አልኩት፣ እና ከዚያ ወዲህ ብቅ ስል «ሠዓሊዋ መጡ» ብሎ ከወንበሩ ይነሳልኛል። እኔም ሰው ይስማ ብዬ ቀስ ብዬ ነው የምገባው።

ከሰሌን ደግሞ እዪው። ይሄን የሚሸጥልኝ የለም፣ እኔው ነኝ የማዘጋጀው። ከታች ወንዙ ዳር አኻያ አለ አይደል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፉን ቆርጬ፣ ልጬ፣ በወተት ጣሳ ጠቅጥቄ፣ ክዳኑን በሚስማር እበሳና ማንደጃ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጭሱ ሲያበቃ አወርደዋለሁ፣ ግን እስኪበርድ አልከፍተውም፣ ትኩሱን ከከፈትሽው አየር ሲያገኘው አመድ ሆኖ ይቀራል። ይኸው፣ ስሚው ሲጋጭ፣ እንደ ብርጭቆ ነው ድምፁ። ለከሰል ደግሞ ላጲስ አይሆንም፣ ያጨቀየዋል፣ ለከሰል ዳቦ ነው። ሳቂ ሳቂ፣ እውነቴን ነው፣ የዳቦውን ለስላሳ ውስጡን ድብልብል አድርገሽ ጠጋ ስታደርጊው ጥቁሩን ይስብልሻል። ባለቤቴ በቀለ መጀመሪያ ሲያየኝ «አስካለ፣ ግፍ ነው፣ ወረቀት ዳቦ ሲበላ ገና ባንቺ አየሁ» አለኝ።

እኔ እኮ ድሮም ከእርሳስ አልራቅኩም፣ ማለቴ ሥራዬ የጥልፍ ንድፍ ነበር። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የሀበሻ ቀሚስ ደረቱ ላይ ያለውን መስቀል፣ ሐረጉን፣ የምነድፈው እኔ ነበርኩ፣ ጠላፊዎቹ በኔ መስመር ላይ ነበር መርፌያቸውን የሚያስኬዱት። የንድፍ ሥራ ደግሞ አንድ ብልሃት አላት። ወረቀቱን መሃል ለመሃል ታጥፊያለሽ፣ ግማሹን ብቻ ትስያለሽ፣ ከዚያ ታጥፊውና ከላይ በማንኪያ ጀርባ ታሽዋለሽ፣ ሌላው ግማሽ በራሱ ይወጣል። ግራው ከቀኙ አይበልጥ፣ ቀኙ ከግራው አያንስ። ዕድሜዬን ሙሉ ግማሽ ግማሽ ስስል ኖርኩ ብልሽ ውሸት የለውም።

ኋላ ንድፉን ኮምፒውተር ይሠራው ጀመረና እኔ ቤት ዋልኩ። እጅ ደግሞ ልማዱን አይተውም፣ እና አንድ ቀን እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ነበረ፣ በቃ ልሳለው ብዬ ተቀመጥኩ። አንቺ፣ እንቁላል ነጭ ነው ብለሽ ታውቂያለሽ? ነጭ አይደለም። እኔ እስከዚያ ቀን ነጭ ነው ብዬ ስንቱን እንቁላል ሰብሬያለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ነጭ ነው፣ ወዲህኛው ጎኑ ግራጫ ነው፣ ሥሩ ጥቁር ነው ብለሽ ስትጨርሺ ደግሞ ከጥቁሩ ውስጥ ጠረጴዛው መልሶ ያበራበት ትንሽ ብርሃን አለ። እና መስመር የሚባል ነገር የለውም። ዘመኔን ሙሉ በመስመር እንጀራ የበላሁ ሰው፣ መስመር የሚባል ነገር እንቁላሉም ላይ፣ ድስቱም ላይ፣ እንጦጦ ተራራውም ላይ የለም፣ ያለው ብርሃንና ጥላ ነው። ጌታዬ፣ ይሄን ሁሉ ስትሠራ እኔ የት ነበርኩ አልኩ። እንባዬ መጣ። እንቁላሉን ያን ቀን አልበላሁትም፣ ከበደኝ።

ታዲያ በቀለ ታመመ። ከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ጨዋታ አያልቅበትም፣ በራችን ላይ ወንበሩን አውጥቶ ቁጭ ካለ ወደ ላይ የሚወጣውም ወደ ታች የሚወርደውም ሳያጫውተው አያልፍም። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ። ስትሮክ ነው አሉ። ጳውሎስ ሆስፒታል ተኛ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው ነፍሱን አተረፉልን፣ ግን ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ ቃሉ ይጎተታል፣ ፊቱ ደግሞ በቀኝ በኩል ወረደ፣ የዓይኑ ቆብም፣ ከንፈሩም። ቤት እንደገባ መጀመሪያ ያለው ነገር «መስታወቱን አንሱልኝ» ነው። አነሳን።

እና ከሰነበተ በኋላ፣ እኔ ማሰሮ ስስል ሲያየኝ ቆይቶ፣ «አስካለ፣ ሳዪኝ» አለኝ። «አንተን?» «መስታወት ማየት አልችልም። ባንቺ እጅ ልየው።»

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሰውየው ፊቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ከኔ ነው ሊሰማ የፈለገው። እኔም ወድጄው፣ አክብሬው፣ ጤነኛው ጎን በኩል ሄጄ ተቀመጥኩ። ከግራው፣ ከጎን ሳልኩት። አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ ያቺ ሽበቱ፣ እንዴት ያለ ሥዕል መሰለሽ። በሕይወቴ ከዚያ በፊት እንደዚያ አልሳልኩም።

ይሄኔ ጎረቤታችን ትርንጎ፣ የሸማኔው ሚስት፣ ድስት ልትመልስ መጣች። ደግ ናት፣ ግን አፏ አያርፍም። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አሳየኋት። እሷ ምን ትላለች፣ «ውይ በሞትኩት እትዬ፣ ጋሽ በቀለን ምነው አንድ ዓይን አደረጓቸው? ይሁዳን አስመሰሏቸው እኮ።»

ታውቂያለሽ አይደል የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል? ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፣ ሁለት ዓይኑ ቦግ ብሎ። ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች፣ ሰይጣኑም ራሱ፣ በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ስንት ዘመን ቆሜ ያስቀደስኩበት ግድግዳ ነው፣ ከሰሉ እጄ ላይ ሲሆን ትዝ አላለኝም።

በቀለ ከውስጥ ሰምቷል። «አምጪው እስቲ» አለ። ምን ላድርግ፣ ወሰድኩለት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው፣ አየው።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በወዲያ በኩል ነው። ከጎን ስትሳል እኮ አይታይም በቀለ፣ የሥዕል ወግ ነው።»

«የሥዕል ወግ» አለ። ከዚያ «ይሄን ያህል ነው እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ፊቴ። ለመሳል እስኪያስፈራሽ።»

ሥዕሉን ከጉልበቱ ላይ አነሳሁ ልጄ። የይሁዳው ነገር አልነበረም ያቃጠለው፣ ወይም እሱም ነበረ፣ የታመመ ሰው ስለ ነፍሱ ያስባል፣ ግን ዋናው የኔ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ በር ላይ መውጣት ተወ። ወንበሩ ባዶውን ዋለ። መንገደኛው «ጋሽ በቀለ ደህና ናቸው?» ሲል እኔ «ተኝቷል» እላለሁ። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት ሲመጡ እንኳ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ነው የተቀበላቸው። ሰው የሚወደው ሰውዬ ከሰው ሸሸ፣ እና ያሸሸው የኔ ከሰል ነው።

ታዲያ እኔ ምን አልኩ፣ ሁለት ዓይን ከሆነ የፈለገው ሁለት ዓይን እሰጠዋለሁ አልኩ። እጄም የሚያውቀውን አደረገ። ካኪ ወረቀቴን መሃል ለመሃል አጠፍኩ፣ ደህናውን ግማሽ ፊቱን በከሰል ሳልኩ፣ አጥፌ በማንኪያ ጀርባ አሸሁት፣ ከፈትኩት። ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ መልከ መልካም ሰው ወጣ። ይዤለት ሮጥኩ።

እሱ ገልመጥ አደረገና «ማነው ሰውዬው?» አለኝ።

«አንተ ነህ እንጂ።»

«አላውቀውም። ደህና ሰው ይመስላል» አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። «ለሚስቱ ስጪያት።»

እንዲህ ሲለኝ ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ገባኝ፤ ለካ ከታመመ ጀምሮ ቀኝ ጎኑን አይቼው አላውቅም። ሳጎርሰው ማንኪያውን አያለሁ፣ ሳጥበው ውሃውን አያለሁ፣ ሳዋራው በግራ በኩል ነው የምቀመጠው። እሱ ይሄን ሁሉ ያያል፣ ዓይኑ እኮ አልታወረም።

በነጋታው ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ ወንበሩን አዞርኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «እየኝ» አልኩት። እሱ ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ ራሱ ፊቱን ዘወር አድርጎ ጤነኛውን ጎን ሰጠኝ። ለኔ አዝኖ እኮ ነው። «አይሆንም፣ ወደኔ፣ ሙሉውን» አልኩት። ቀስ ብሎ ዞረ።

እና አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ልክ እንደ እንቁላሉ ነው፣ አውቀዋለሁ ብዬ ስንት ዘመን የኖርኩበት ነገር። ግራው ገና ሹፌሩ በቀለ ነው፣ ሊቀልድ፣ ሊሟገት የተዘጋጀ፤ ቀኙ ደግሞ ሸክሙን አውርዶ ያረፈ ሰው ነው፣ እናቱን ይመስላል፣ ያንን ደግነቷን። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እንደዚያ ፈርቼ፣ እንደዚያ አክብሬ የቆምኩበት ነገር የለም። ከንፈሩ የወረደበትን በከሰሉ ጎን ሳልኩት፣ አልደበቅኩም፣ አላሳመርኩም። ያቺን የከበደች ቆብ ሳልኳት። ከሥሯ ያለው ዓይን ጥቁር ሆኖ አልበራ ሲለኝ ዳቦዬን ጫፉን አቅጥኜ አንዴ ነካ አደረግኩት፣ እና ብርሃኑ ወጣ። ልጄ፣ አየኝ። ከወረቀቱም አየኝ፣ ከወንበሩም አየኝ፣ እኔም ከሁለቱ መሃል ከሰሌን ይዤ ቀረሁ።

ሰጠሁት። እሱ በደህና እጁ ጣት ወረቀቱ ላይ አንዱን ዓይን ነካ፣ ሌላውን ዓይን ነካ። «ሁለት» አለ። ከዚያ ጣቱ ወደ አፉ ወረደና ቆመ።

«ጠማማ ነው» አለ።

ይቺ ቃል ከታመመ ወዲህ እኛ ቤት ተነግራ አታውቅም። ልጆቼም፣ እኔም፣ ሁላችን እንሸሻት ነበር። አሁን ራሱ አወጣትና ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ ምን ትላለች ብሎ። እኔም ሳላስበው፣ «ድሮም ጠማማ ነበርክ፣ አሁን ገና ፊትህ ላይ ወጣ» አልኩት።

ወይኔ አስካለ፣ ዛሬ ገደልሽው አልኩ በልቤ። ሰውየው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሊያለቅስ ነው ስል፣ ሳቀ። ግራው ብቻ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቀኙ ባለበት ነው፣ ድምፁ ግን ያው የድሮው ሳቅ ነው፣ ከመኪናው ላይ ሆኖ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማው። እኔም ሳቅኩ፣ ያዘኝና አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ወንበሩን በር ላይ አስወጣ። ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ትርንጎ ስታልፍ ጠራት። «ነይ፣ ቁጠሪ» አላት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ዓይን።»

ጎንበስ ብላ አየች። ሥዕሉን አየች፣ ቀና ብላ እሱን አየች፣ ተመልሳ ሥዕሉን አየች፣ ያ ሁሉ አፏ ጠፋት። «ሁለት ነው ጋሼ» አለች በቀስታ።

«በይ ሂጂ እንግዲህ» አላት፣ እና እኔ ከውስጥ ሆኜ በሳቅ ልሞት።